የኤርፖርት ማሻሻያ ግራንት በማን ሚዛን ነው የሚመዘነው? የአንድ ክር ውሎ

ክር የምለው የኢንተርኔት መድረክ ላይ አንድ ሰው ጥያቄ ጥሎ ሌሎች በተራ የሚመልሱበትን ውይይት ነው። ይህን ክር የከፈተው ሰው አሜሪካ ውስጥ የአንዲት ትንሽ ከተማ ኤርፖርት ቦርድ አባል ነው። በበጎ ፈቃድ ነው የሚያገለግለው። ደመወዝ የለውም፤ በወር አንዴ ተሰብስቦ እጅ ማውጣት ነው ሥራው። ያነሳው ጉዳይ ግን ቀላል አይደለም።

ኤርፖርታቸው ያረጀች የተርሚናል ቤት አለችው። ጣሪያዋ ያፈሳል። መጸዳጃ ቤቷን የሚጠቀም አብራሪ ተመልሶ አይመጣም። ይህችን ቤት ለማሳደስ ግራንት፣ ማለትም የማይመለስ የድጋፍ ገንዘብ፣ እንዲሰጣቸው ለፌዴራሉ መንግሥት ደጋግመው አመለከቱ። ጠብ ያለላቸው ነገር የለም። አጠገባቸው ያለው ኤርፖርት ደግሞ መንደርደሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዲስ አስፋልት አለበሰ። የኛ ማመልከቻ የተዋጣለት ነበር ይላል ሰውየው። ፎቶ ተያይዟል፣ ከንቲባዋ ፈርመዋል፣ የነጋዴዎች የድጋፍ ደብዳቤ አለበት። ስለዚህ ነገሩ በዘመድ ነው ብሎ ደመደመ። ከድምዳሜው ቀጥሎ ግን ሁለት ቅን ጥያቄዎች ጣለ። ማመልከቻውን ቁጭ ብሎ የሚያነበው ማነው? ነጥብ የሚሰጠውስ በምን ለክቶ?

መልሱ ከ20 በላይ ሆነ። በተራ ልንገራችሁ፤ የሚታለፈውን እያለፍኩ። ዓመተ ምሕረቱም ወሩም ሁሉ በፈረንጅ ነው።

መልስ 1 ጨዋ ነበር። ጠያቂውን ወንድሜ እያለ ለአገልግሎቱ አመሰገነው። ከዚያ ነገሩን ከሥሩ ጀመረ። ፕሮግራሙ የኤርፖርት ማሻሻያ ፕሮግራም ይባላል። የቆመው በ1982 በወጣ ሕግ ነው፤ የሚያስተዳድረው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ በአጭሩ ኤፍኤኤ ነው። በዚህ ፕሮግራም ለመደገፍ መጀመሪያ በብሔራዊው የኤርፖርቶች ዕቅድ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ያሉት ወደ 3,300 ይጠጋሉ። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ኤርፖርት ማመልከቻውን በወርቅ ቀለም ቢጽፈውም አይታይለትም።

መላሹ ቀጥሎ ገንዘቡን በሁለት ኪስ ከፈለው። አንደኛው በቀመር የሚደርስ ድርሻ ነው። ትልልቆቹ በመንገደኛ ብዛት ያገኛሉ፤ በዓመት ከ10,000 በላይ መንገደኛ የማያሳፍሩት ትንንሾቹ ደግሞ በዓመት እስከ 150 ሺህ ዶላር ይደርሳቸዋል። ሁለተኛው ኪስ ኤፍኤኤ ራሱ አመዛዝኖ የሚሰጠው ነው። ውድድር ያለው እዚህ ጋ ነው። ወዳጃችን የጠየቀው ከየትኛው ኪስ እንደሆነ ሳናውቅ በዘመድ ነው ማለት ይከብዳል ብሎ በትሕትና ዘጋ።

መልስ 2 አጭር ነበር። ገንዘቡ ከደመወዝ ግብር የመጣ አለመሆኑን ብቻ አስታወሰ። በ1970 ከተቋቋመ ትረስት ፈንድ፣ ለአቪዬሽን ከተለየ ቋት፣ ነው የሚወጣው፤ ፈንዱን የሚሞላውም ተሳፋሪው ነው። በአገር ውስጥ የአውሮፕላን ትኬት ላይ 7.5 በመቶ አለ፣ በነዳጅ ላይም ቀረጥ አለ። ስለዚህ አንድ ጊዜም የግል አውሮፕላን ሳይሳፈር የኖረ ሰው ለዚያች ትንሽ ኤርፖርት እየከፈለ ነው ማለት ነው። ይህ አስተያየት ወደ ኋላ ላይ ጠብ አስነሳ፤ እደርስበታለሁ።

መልስ 3 የክሩ ሁሉ ምሰሶ ነው ብል አላጋነንኩም። የጻፈው የሲቪል መሐንዲስ ነው። የዘመድ ወሬውን አልነካም። ቀመሩን አወጣና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

ኤፍኤኤ ለእያንዳንዱ ሥራ የቅድሚያ ነጥብ የሚሰጥበት ስሌት አለው። አራት ነገር ይገባበታል። የኤርፖርቱ ደረጃ ከ2 እስከ 5 ነጥብ አለው። የሥራው ዓላማ፣ የሚነካው የኤርፖርቱ ክፍልና የሥራው ዓይነት እያንዳንዳቸው እስከ 10 ይሄዳሉ። ዓላማው በ1.4 ይባዛል፣ የሥራው ዓይነት በ1.2 ይባዛል፣ የቀሩት ሁለቱ እንዳሉ ይደመራሉ። ከዚያ ድምሩ እንደገና በዓላማው ነጥብ ይባዛና ለ4 ይካፈላል።

መሐንዲሱ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እዩ አለ። ዓላማው ሁለት ጊዜ ገባ። አንዴ ውስጥ፣ አንዴ ውጭ። ለዓላማ የሚሰጠው ነጥብ ደግሞ የታወቀ ነው። ደህንነት 10፣ ያለውን መልሶ መገንባት 8፣ አቅም ማሳደግ 7፣ ከደረጃ ጋር ማጣጣም 6፣ ከእነዚህ ከአንዱም የማይመደብ ሥራ 4። በክፍል በኩል መንደርደሪያ 10 ያገኛል፣ ታክሲዌይ፣ አውሮፕላኑ ወደ መንደርደሪያው የሚሄድበት መንገድ፣ 8፣ የአውሮፕላን ማቆሚያው ሜዳ 5። ተርሚናል ስንት ያገኛል? 1።

አንድ ብቻ። እኔ ይህን ሳነብ የጠያቂው ፊት ታየኝ።

ከዚያ ምሳሌ ሠራ። 3 ነጥብ ያለው ትንሽ ኤርፖርት ያረጀ መንደርደሪያውን መልሶ ሊገነባ ነው እንበል። ዓላማ 8፣ ክፍል 10፣ የሥራ ዓይነት 8። ውስጡ ሲደመር 33.8 ይመጣል፤ በ8 ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል 67.6። አሁን ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትተን መንደርደሪያውን በተርሚናል እንቀይረው። 49.6 ይሆናል። መንደርደሪያውን መልሰን ዓላማውን ብቻ ከ8 ወደ 4 እናውርደው። 28.2 ይሆናል። በመጨረሻ የኤርፖርቱን ደረጃ ብቻ ከትንሹ ወደ ትልቁ፣ ከ2 ወደ 5 እንውሰደው። ከ65.6 ወደ 71.6 ነው የሚሄደው፤ 6 ነጥብ።

ስለዚህ ትልቅ ኤርፖርት ስለሆኑ ነው የቀደሙን የሚለው ሐሜት በቀመሩ ውስጥ 6 ነጥብ ያህል ብቻ እውነት አለው። ሥራው ለምንድነው የሚለው ጥያቄ ግን 40 ነጥብ ገደማ ይገለብጣል። የከንቲባዋ ፊርማም ሆነ የነጋዴዎቹ ደብዳቤ የሚገባበት ሳጥን ቀመሩ ውስጥ የለም።

መልስ 4 መሐንዲሱን አመስግኖ አረመው። ነጥቡ ሰልፉን ያሳያል እንጂ ውሳኔ አይደለም አለ። ከነጥቡ በፊት ሌሎች በሮች አሉ። ሥራው በሕጉ የሚደገፍ ነው ወይ? አሁን ያለው አጠቃቀም በዚያ መጠን እንዲሠራ ያስገድዳል ወይ? በጸደቀው የኤርፖርቱ አቀማመጥ ፕላን ላይ አለ ወይ? ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ 90 ነጥብም ቢያመጣ ዋጋ የለውም። ደግሞ አቅም የሚያሳድግ ሥራ ሆኖ ከውድድሩ ኪስ 10 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ጥቅሙ ከወጪው እንደሚበልጥ በትንተና ማሳየት ግዴታ ነው። መሐንዲሱ ተመልሶ ልክ ነህ፣ እኔ ሰልፉን ነው ያሳየሁት አለ። እስካሁን ሁሉም ሰላም ነው።

መልስ 5 ሰላሙን አናጋው። ቀመር ቀመር ትላላችሁ፣ ገንዘቡ መሰጠቱን የሚያበስረው ግን ሁልጊዜ የኮንግረስ ሰው ነው፤ ይህን እንዴት ታብራሩታላችሁ አለ። ፎቶ የሚነሳው፣ ትልቁን የካርቶን ቼክ የሚያቅፈው እሱ ነው። ከዚያ ጠያቂውን በፌዝ አበረታታው፦ ደብዳቤ መጻፉን ተውና እራት ግብዣ አዘጋጅ።

መልስ 6 ለፌዙ ፌዝ አልመለሰም፣ ነገር ግን ቃሉ ስል ነበር። የግራንት ዜና ለኤርፖርቱ ከመነገሩ በፊት ለኮንግረስ አባላት ይነገራል፤ የቆየ አሠራር ነው። አባሉ ቀድሞ ስለሚሰማ ቀድሞ ያወራል። ማብሰርና መወሰን ለየቅል ናቸው፤ ይህን የማይለይ ሰው ባይመክር ይሻላል አለ። በሌላ በኩል ሐቁን አልደበቀም። የኮንግረስ አባላት ለአካባቢያቸው በስም ገንዘብ የሚያስመድቡበት መንገድ በ2011 ታግዶ፣ ከ2022 በጀት ጀምሮ ተመልሷል፤ ኤርፖርቶችም በዚያ በኩል አግኝተዋል። ያ ግን ሌላ በር ነው፣ ቀመሩን አያልፍበትም። ፖለቲካ የለም አላልኩም፣ ፖለቲካው የት እንዳለ እወቁ ነው ያልኩት ብሎ ቋጨ። ለእኔ ከዘመድ ወሬው ሁሉ ይህ የተሻለ መልስ ነው።

መልስ 7 ወደ ገጠመኝ ሄደ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጸሐፊው የሚያውቀው ኤርፖርት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወታደር የተሠራ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ መንግሥት እንዲህ ያሉ ሜዳዎችን ለከተሞች አስረከበ። ከተማዋ በነፃ ያገኘችው መንደርደሪያ 150 ጫማ ስፋት አለው። ዛሬ የሚያርፉበት ግን ትንንሽ አውሮፕላኖች ናቸው፤ ለእነሱ በደረጃው መሠረት 75 ጫማ ይበቃል። አስፋልቱ ተሰነጣጥቆ ሣር ሲያበቅል ከተማዋ ሙሉውን ልታድስ ጠየቀች። መልሱ፣ የ75 ጫማውን እንደግፋለን፣ የቀረው የራሳችሁ ነው የሚል ሆነ።

ጉድ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው። የከተማው ምክር ቤት ስፋቱን ማጥበብ እንደ ውርደት ቆጠረው። ጎረምሳ አብራሪዎች አይሆንም ብለው ተሰበሰቡ። አንድ ሽማግሌ አብራሪ ተነስቶ በነጭ ቀለም የተሠመረውን የመሐል መስመር ስቶ ዳር ላይ የሚያርፍ ሰው ካለ መንጃ ፈቃዱን ይመልስ ብሎ አዳራሹን አሳቀ። መጨረሻ ላይ ጠበበ። መብራቱም ወደ ውስጥ ገባ፣ በረዶ መጥረጉም ቀለለ። ጸሐፊው ይህን ያመጣው አንድ ነገር ለማሳየት ነው። መዛኙ የሚያየው ያላችሁን ወይም የምትመኙትን አይደለም፤ የሚያርፍላችሁን አውሮፕላን ነው።

መልስ 8 ያንኑ ቀጠለ። እሱ ያለበት ኤርፖርት መንደርደሪያውን ሊያስረዝም ፈለገ። ምክንያቱ ቢዝነስ ጄቶች ይመጣሉ የሚል ነበር። ኤፍኤኤ ይመጣሉን አልተቀበለም፤ ስንት መጡ አለ። መስፈርቱ በዓመት 500 እንቅስቃሴ ነው፤ መነሳት አንድ፣ ማረፍ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። 250 ጊዜ መጥቶ መሄድ ማለት ነው። ለልምምድ ነካ አድርገው የሚነሱት አይቆጠሩም። ኤርፖርቱ የጄት ባለቤቶችን እየዞረ ደብዳቤ አሰባሰበ፤ መንደርደሪያው ስላጠረ ነዳጅ ቀንሰን ነው የምንነሳው የሚል፣ ቀንና የአውሮፕላን ዓይነት የተጻፈበት። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ይቆጠራል። ኤርፖርቱ ለከተማችን ኩራት ነው የሚለው ደብዳቤ አይቆጠርም።

መልስ 9 የሽማግሌውን ፓይለት ስልክ ስጡኝ ብሎ ቀልዶ አለፈ።

በመልስ 10 ጠያቂው ራሱ ተመለሰ። ስለ 1 ነጥቡ ሰምቶ አዝኗል፣ ግን እጅ አልሰጠም። በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ለተርሚናል 5 ቢሊዮን ዶላር መድቧል ሲባል ሰምቻለሁ፣ ያስ የት ሄደ አለ። ጥሩ ጥያቄ ነበር።

መልስ 11 በትዕግሥት አስረዳ። ያ ሕግ ለኤርፖርቶችና ለአየር ትራፊክ ተቋማት 25 ቢሊዮን ነው ያመጣው፤ ከ2022 እስከ 2026 በጀት፣ በአምስት ዓመት የሚከፈል። 15 ቢሊዮኑ በቀመር ይከፋፈላል። 5 ቢሊዮኑ ለኤፍኤኤ የራሱ ተቋማት ነው። የቀረው 5 ቢሊዮን በየዓመቱ አንድ አንድ ቢሊዮን እየሆነ ለተርሚናል በውድድር ይሰጣል። የዚህኛው ሚዛን ከ67.6ቱ ስሌት ጋር አይገናኝም። ማስታወቂያ ይወጣል፣ ቀነ ገደብ አለው፣ የሚታዩትም ሌሎች ነገሮች ናቸው። ያረጀ ሕንፃ መተካት፣ ለአካል ጉዳተኛ መመቸት፣ የመንገደኛ አቅም፣ ኃይል ቆጣቢነት፣ በአየር መንገዶች መካከል ውድድር ማገዝ። እዚህ ላይ በደንብ የተጻፈ ማመልከቻ ለውጥ ያመጣል። ግን ገንዘቡ አስቀድሞ በመጠን ተከፋፍሏል። ብዙ መንገደኛ ለሚያስተናግዱት ትልልቅ ኤርፖርቶች ከ55 በመቶ አይበልጥም፤ እንደ ጠያቂው ላሉ ትንንሾች ቢያንስ 10 በመቶ ይጠበቅላቸዋል። 10 በመቶ ማለት በዓመት 100 ሚሊዮን ነው፤ የሚሻሙት ደግሞ ብዙ ናቸው። በመጀመሪያው ዙር፣ በ2022 ሐምሌ፣ በአገሪቱ በሙሉ ያገኙት ኤርፖርቶች 85 ነበሩ። ጠያቂው ያረጀ መሆኑን በፎቶ አሳይቶ ለተሳሳተው መስኮት ነው የሰጠው ማለት ነው።

መልስ 12 አማካሪዎቹን ወረፋቸው። ይህን ሁሉ ያውቅ የነበረው የምህንድስና አማካሪያችሁ ለምን አልነገራችሁም? የሚከፈለው በጠየቃችሁ ቁጥር ነው እንዴ? ሲቀጥልም፣ አማካሪ ሲመረጥ ዋጋ ማወዳደር በሕግ የተከለከለ መሆኑን ጠቅሶ ይህ ዘረፋ ነው አለ።

መልስ 13 አማካሪ ነው፤ አንጀቱ አርሯል። ክልከላው እውነት ነው፣ ምክንያቱ ግን አለው። መጀመሪያ በብቃት ይመረጣል፣ ዋጋው በኋላ በድርድር ይወሰናል፤ ካልተስማሙ ወደ ቀጣዩ ይኬዳል። ንድፍ በርካሽ አሠርቶ አስፋልቱ በአምስት ዓመት ቢፈርስ ማን ሊጠየቅ ነው አለ። ደግሞም ብዙ አማካሪ ቦርዱን ደጋግሞ ይነግራል፤ ቦርዱ ግን ሪባን የሚቆረጥበት ሕንፃ ነው የሚፈልገው፣ ለስንጥቅ መድፈኛ ማን ይሰበሰባል።

እውነቱን ነው፤ ግን የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ጠያቂውን ነካችው። መልስ 14 ላይ እስካሁን እርስዎ ሲባባሉ የነበሩት ወደ አንተ ወረዱ። ያ የመልስ 5 ባለፌዝ ተመልሶ ገባና የመልስ 2ን ነገር አነሳ፤ ድሃ ተሳፋሪ በትኬቱ ለሐብታም መጫወቻ ሜዳ ይከፍላል አለ። አንዱ በዚያች ሜዳ በሌሊት የታመመ ሰው የሚያነሳ አምቡላንስ አውሮፕላን እንደሚያርፍ፣ የሰደድ እሳት የሚያጠፉትም ከእንዲህ ያሉ ቦታዎች እንደሚነሱ መለሰለት። ሌላው የአማካሪዎች ጠበቃ ብሎ ተሳደበ። መልስ 15 አድሚኑ ነው፤ ሁለት ጽሑፍ አጠፋና ልብ ግዙ አለ።

ከዚያ ክሩ መስመር ሳተ። 16 ትኬት ላይ ስለምትጨመረው የኤርፖርት ክፍያ ጠየቀ። ጣሪያዋ በአንድ በረራ ጉዞ 4.50 ዶላር ሆና ከ2000 ጀምሮ አልተነካችም፤ ትልልቆቹ ኤርፖርቶች ጣሪያዋ ከፍ ይበልልን ይላሉ፣ አየር መንገዶች ከፍ አይልም ይላሉ። ትልልቆቹ ያንን ክፍያ ሲሰበስቡ ከቀመር ድርሻቸው አብዛኛውን እንደሚተዉ የጠቆመ ግን ማንም አልነበረም። 17 ልጁን የበረራ ትምህርት ቤት ሊያስገባ ስለሆነ ዋጋ ጠየቀ። ሦስት ሰው መለሰለት፤ ለጠያቂው ከተሰጠው በላይ ርኅራኄ አገኘ። እዘለዋለሁ።

መልስ 18 ክሩን ወደ ቦታው መለሰችው። በአንድ የክፍለ ግዛት አቪዬሽን ቢሮ ትሠራለች። አሥር የሚሆኑ ክፍለ ግዛቶች፣ ቴክሳስና ጆርጂያ ይገኙባቸዋል፣ የትንንሽ ኤርፖርቶቻቸውን ግራንት ኤፍኤኤን ወክለው ራሳቸው ያስተዳድራሉ። እሷ እዚያ ወንበር ላይ ነች። ማመልከቻውን የሚያነበው ማነው ለሚለው የመጀመሪያ መልስ የሰጠች እሷ ናት።

የሰጠችው መልስ ደግሞ ሰዉን ሁሉ ቀጥ አደረገው። ማመልከቻው ሲደርሰን ነገሩ አልቋል ነው ያለችው። ኤርፖርቱ በየዓመቱ ለቀጣዮቹ አምስት ዓመታት የሚሠራውን ዝርዝር ያስገባል። ከኤፍኤኤ የዲስትሪክት ቢሮ ወይም ከክፍለ ግዛቱ ባለሙያ ጋር ቁጭ ብሎ በመስመር በመስመር ይነጋገራል። ነጥቡ የሚወጣው ያኔ ነው። ዝርዝሩ ወደ ኤፍኤኤ የክልል ቢሮ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ዋሽንግተን። የሥራው ዓመት እስኪደርስ የአካባቢ ጥበቃ ጥናቱ ያልቃል፣ የመሬቱ ባለቤትነት ይጣራል፣ ንድፉ ይሠራል፣ ጨረታ ይከፈታል። ማመልከቻው የሚሞላው ከጨረታው ዋጋ ተነስቶ ነው፤ ፎርሙ የሚጠይቀውም ስንት ገንዘብ፣ ለምን ሥራ፣ ግዴታውን ትቀበላላችሁ ወይ የሚል ነው። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ሥራ በጥሩ ቋንቋ ተጽፎ ሲመጣ አንብባ ታስቀምጠዋለች። ሌላ ማድረግ አትችልም።

አንድ ነገር ደግሞ በቅርብ አሳየች። ሁለት ሥራዎች እኩል ነጥብ ይዘው ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ሲተርፍ የምታየው የትኛው ተዘጋጅቷል የሚለውን ነው። የበጀት ዓመቱ መስከረም 30 ቀን ያልቃል። አንዴ አንድ ከተማ ጨረታውን ከፍቶ፣ ዋጋው ገብቶ፣ ሁሉ ነገር ሲያበቃ፣ ከመንደርደሪያው ጫፍ አጠገብ ያለች አንዲት ቁራሽ መሬት ሰነዷ የከተማው እንዳልሆነ ተገኘ። የአጥሩ ሽቦ ለዘመናት ያለፈባት መሬት ናት። ገበሬው መሸጥ አልከለከለም፤ ውሉ ግን እስኪያልቅ መስከረም አለፈ። ገንዘቡ ለተከታዩ ሄደ። ከተማው ያኔ ምን እንዳለ ገምቱ። በዘመድ ነው።

መልስ 19 ለእሷ ምስጋና ብቻ ነው። መልስ 20 ግን የክሩ ብቸኛ ተቃዋሚ ሆኖ መጣ፤ እኔ ወደድኩት። እናንተ እንዴት እንደሚገኝ ታወራላችሁ፣ ስትቀበሉ ምን እንደምትፈርሙ ማንም አላነሳም አለ። ወደ 40 የሚጠጉ ግዴታዎች አሉበት። የኤርፖርቱ ገቢ ለኤርፖርቱ ብቻ ይውላል፣ ለማንም ተጠቃሚ ያለ አድልዎ ክፍት ይሆናል፣ አስፋልቱ ይጠበቃል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ 20 ዓመት ይዘልቃል። መሬት ከገዛችሁበትማ ማብቂያ የለውም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለችውን ሳንታ ሞኒካን አንሥቷል። ከተማዋ ኤርፖርቷን ለመዝጋት ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር ስንት ዓመት ተሟግታ በ2017 ነው ስምምነት ላይ የደረሰችው፤ ያም ሆኖ እስከ 2028 መጨረሻ ክፍት ልታቆየው ተስማምታ። የተቀበለቻቸው ግራንቶች የክርክሩ አካል ነበሩ። ከተማችሁ ከ20 ዓመት በኋላ እዚያ ቦታ ላይ ቤት መሥራት ቢያምራትስ? የመለሰለት የለም።

መልስ 21 ጠያቂው ነው። በመሐሉ ሥራውን ሠርቷል። የአምስት ዓመቱን ዝርዝር አማካሪያቸውን ጠይቆ አገኘ። ቦርዱ ላይ ያለ ሰው ሰነዱን አይቶት አያውቅም። ተርሚናሉ ጭራሹኑ የለበትም። አስፋልት ማደሱ አለ፣ ግን አራተኛው ዓመት ላይ። በየዓመቱ የሚደርሳቸው 150 ሺህ ደግሞ የሦስት ዓመቱ ሳይነካ ተቀምጧል። ነገሩን በንዴት አልጻፈውም፤ ግን ከንቲባዋ ጋ ይዤ እሄዳለሁ ብሏል።

የቢሮዋ ሴት በመልስ 22 ፈጥና ደረሰች። ለትንንሾቹ ያ ድርሻ ከተመደበበት ዓመት ጋር አራት ዓመት ይቆያል፤ ተጠራቅሞ 600 ሺህ ይሆናል፣ ከዚያ የመጀመሪያው መቃጠል ይጀምራል። የሚያቃጥሉት ከሆነ በዚያው ክፍለ ግዛት ላለ ሌላ ኤርፖርት ማስተላለፍም ይችላሉ፤ ጎረቤታሞች እንዲህ ይበዳደራሉ። በመደበኛው ሕግ ፌዴራሉ ለትንንሾቹ 90 በመቶ ይሸፍናል፤ የቀረውን ክፍለ ግዛቱና ከተማው ይጋሩታል። ስለዚህ ከተማው የራሱን ድርሻ በበጀቱ ማስያዙን ይጠይቅ። ተርሚናሏን በተመለከተ ከውድድሩ ኪስ ይልቅ ይህ የተጠራቀመው ገንዘብ ነው ተስፋዋ። ግን አውሮፕላን በሚያርፍበትና በሚንቀሳቀስበት በኩል ያለው ሥራ መጀመሪያ መልክ መያዝ አለበት፤ አስፋልቱ እየተሰነጠቀ ጣሪያ ልሥራ ማለት አያስኬድም። ከዚያ ጠየቀችው። የአስፋልታችሁ የሁኔታ መለኪያ ቁጥር ስንት ነው? ከ0 እስከ 100 የሚለካ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ክፍለ ግዛቱ ለክቶ በካርታ ቀለም ቀብቶ ይልካል።

ጠያቂው ካርታውን አይቶት እንደማያውቅ ጻፈ፤ ቢሮው ግድግዳ ላይ ቀይና ቢጫ የተቀባ አንድ ነገር እንዳለ ግን ትዝ ይለዋል። እሱ ነው አለችው። ቀዩ የት ጋ እንደሆነ አይተህ ንገረኝ፤ መንደርደሪያው ላይ ከሆነ አራተኛውን ዓመት ወደ ሁለተኛ የሚያመጣ ወረቀት አብረን እናወጣለን።

ከእሷ በኋላ አንድ ሰው ስለ ፀሐይ ኃይል ፓኔል ጠየቀ። አድሚኑ አዲስ ክር ክፈትለት አለው።